የመዳብ ቅጠል በናስ ላይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዋርካ ቅጠል የሚመስል ድርብ የአንገት ጌጥ እየሠራሁ ነው፤ ከታች ናስ፣ ከላይ መዳብ። መዳቡን በእሳት ሐምራዊና ሰማያዊ አደርገዋለሁ። ከናሱ ጋር በብር ብየዳ ስበይደው ግን ቀለሙ ድራሹ ይጠፋል። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ብየዳውን ተይው። ያ ቀለም ቅብ አይደለም፤ መዳቡ ሲግል ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚለብሰው እጅግ ስስ ኦክሳይድ ነው። የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሐምራዊው ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ነው የሚመጣው። እንዴት ይተርፋል?

በሪቬት፣ ማለትም ሁለቱን ብረቶች በቀዳዳ አልፎ ጫፍና ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚይዝ ምስማር አያይዢው። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ሽቦው ጥብቅ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ብሺ፤ በሁለቱም በኩል የሽቦውን ውፍረት ግማሽ ያህል አስተርፊና ጫፉን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልሽ ምቺው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ቀዳዳውም ሆነ የቅጠሉ ቅርጽ ከቀለሙ በፊት ማለቅ አለበት።

ስለ ቅርጹ ካነሳን፣ መዳቡን ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግለሽ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ይለሰልሳል። ጥቀርሻውን ጨው በገባበት ሞቅ ያለ አቼቶ አጽጂ። ከዚያ የእውነተኛውን ቅጠል ጀርባ፣ ጅማቱ ጎልቶ የሚታይበትን፣ መዳቡ ላይ አስተኝተሽ በወርቅ ሠሪዎች መዳመጫ ማሽን፣ በሁለት የብረት ጥቅሎች መካከል በሚጨምቀው፣ አሳልፊው። መዶሻ እንዲህ ጥርት አያደርገውም። ደግሞ ያ የሐይቁ ዳር የዋርካ ቅጠል ለአንገት ይተልቃል፤ ጅማቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ብቻ ውሰጂ።

ከቀለሙ በኋላ በባዶ ጣት አትንኪው። ቫርኒሽ ሰማያዊውን ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ እኔ የንብ ሰም እመርጣለሁ፣ በየጊዜው መታደሱ ግን አይቀርም።