«አልወለድሽም እኮ!»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የአምስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ደም ታየብኝና ሐኪሙ አንድ ሳምንት ተኚ አለኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሌሊት አስወረደኝ። ባለቤቴ ደንግጦ ቅርብ ያገኘው የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። እዚያ ሁለት ሳምንት እረፍት ጻፉልኝ። ስመለስ ሥራ አስኪያጁ «አልወለድሽም እኮ፣ ምን የወሊድ ፈቃድ አለሽ?» ብሎ ገሚሱን ከዓመት ፈቃዴ፣ ገሚሱን ከደመወዜ ቆረጠው። ባለቤቴ ወደ ዘጌ ጀልባ ይነዳል፤ የጤና መድን ደብተር አለን። የክሊኒኩን ብር ግን አንመልስም አሉን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አንቺን አተረፈልን።

ሰውዬው አንድ ነገር ይዟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 88 የሰጠው የወሊድ ፈቃድ፣ ከመውለድ በፊት 30 እና ከመውለድ በኋላ 90 ቀን፣ ከመውለድ ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ግን ሁሉ ተሳስቷል።

የቀረሽባቸውን ቀናት ለሁለት ክፈያቸው። ከማስወረድሽ በፊት ተኚ የተባልሽባቸው እዚያው አንቀጽ 88 ውስጥ ይገባሉ፤ እርጉዝ ሠራተኛ ሐኪም እረፍት ካዘዘላት ደመወዟ አይቋረጥም። ከዚያ በኋላ ያሉት የሕመም ፈቃድ ናቸው፤ አንቀጽ 85 እና 86። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። በዓመቱ ውስጥ ሌላ የሕመም ፈቃድ ካልወሰድሽ ሁለት ሳምንትሽ ሙሉ ክፍያ ነው። የዓመት ፈቃድሽን ማን ንካ አለው? በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ እንግዳ ሲሞላ የቀረን ሁሉ በዓመት ፈቃድ የማካካስ ልማድ አለ። ልማድ ሕግ አይደለም።

ወረቀትሽን ሰብስቢ። ክሊኒኩ በመንግሥት የታወቀ ከሆነ የግል መሆኑ ችግር የለውም፤ የሕክምና ማስረጃው ይሠራል። ማስረጃው ላይ ቀናቱ በግልጽ ይኑሩ። ባለቤትሽ በማግሥቱ ለሆቴሉ ደውሎ ከነበረ ያንንም ጥቀሺ፣ ማሳወቅ ግዴታሽ ነውና። ከዚያ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፈሽ አንዱን አስፈርመሽ ያዢው። እምቢ ካለ ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ሂጂና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አነጋግሪ። አትዘግዪ፤ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፎበታል ተብሎ) ይታገዳል።

ስለ መድኑ ደስ የሚል መልስ የለኝም። ፎገራ በ2003 ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ መድኑ በኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ውሉ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። የግል ክሊኒክ ደረሰኝ ይዞ ብር ማስመለስ ከባድ ነው። ባለቤትሽን አትውቀሺው፣ በዚያ ሌሊት ማን ደብተር ያስታውሳል?

ከአሁን በኋላ ያለውን ክትትልሽን ግን በደብተሩ አድርጊው። ደሙ ካልቆመ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ሆድሽን ከቆረጠሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። የዘንድሮው መዋጮ ተከፍሎ ደብተሩ መታደሱን ደግሞ ባለቤትሽ ነገ ጀልባ ከመውጣቱ በፊት ይጠይቅልሽ።