የሊን ጥናቶች ካርታ ለምን ተዛባ?

ጥያቄ፦ ስለ ሊን ማኑፋክቸሪንግ (ብክነትን የሚቀንስ የአመራረት ዘዴ) የወጡ ጥናቶችን ከስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት) አውርጄ በቪኦኤስቪውወር (የቃላትን ትስስር በነጥቦች የሚያሳይ ሶፍትዌር) ካርታ ሠራሁ። የሞተር ቃጠሎ ጥናቶች ገቡበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 በፊት ግን ስለ ማኑፋክቸሪንግ ምንም የለም። ለምን?

መልስ፦ ጥፋቱ ከፍለጋው ነው። «ሊን» (lean) ብቻውን ሲፈለግ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር የሳሳ ድብልቅን የሚመለከቱ የቃጠሎ ጥናቶችንም ይጎትታል፤ ያም ድብልቅ በእንግሊዝኛ «ሊን» ይባላልና። «ሊን ማኑፋክቸሪንግ» እና «ሊን ፕሮዳክሽን» የሚሉትን ሐረጎች በእንግሊዝኛ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ። ስያሜውን ተመራማሪው ጆን ክራፍቺክ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበሩትን «ጀስት ኢን ታይም» (በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ ማምረት) እና «ቶዮታ ፕሮዳክሽን ሲስተም» (የቶዮታ የአመራረት ሥርዓት) የሚሉትን ስሞችም ያክሉ፤ አለበለዚያ የዘርፉ መነሻ ይቀርብዎታል።

ብዙዎች የሚዘሉት ተመሳሳይ ቃላትን ማዋሐዱን ነው። «ጄአይቲ» (የጀስት ኢን ታይም ምሕጻር) እና «ጀስት ኢን ታይም» በካርታው ላይ ሁለት ነጥብ ሆነው ከቀሩ ርዕሱ ሳስቶ ይታያል። ለቪኦኤስቪውወር የሚሰጡት፣ በታብ የተለየ ባለሁለት ዓምድ የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጁ፦ በመጀመሪያው ነባሩ ቃል፣ በሁለተኛው ተተኪው። የጥናቶቹን ብዛት በየዓመቱ የሚያሳይ ግራፍ ከሠሩም ያላለቀውን ዓመት ያውጡ፤ የሌለ ማሽቆልቆል ያሳያል።