«ልጃችሁ ተመርጧል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

በቀደም ማታ ከፍራንክፈርት አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልጄ ተመረጠ!» አለኝ ገና ሰላም ሳንባባል። እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ዝርዝሩን ጠየቅሁ። የ13 ዓመት ልጁ፣ የአውሮፓ ክለቦች አካዳሚዎች በሚገናኙበት ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር «በልዩ ጥሪ» እንዲሳተፍ ደብዳቤ መጥቶለታል። ደብዳቤው ወርቃማ ዓርማ አለው። ከሥሩ የአሥር ታላላቅ ክለቦች ስም ተደርድሯል። ከዚያ በታች በደቃቃ ፊደል፣ 1,600 ዩሮ በአምስት ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል።

«ማነው የመረጠው?» አልኩት።

«አዘጋጆቹ ናቸዋ።»

«የት አይተውት?»

ዝም አለ። ለካ ሚስቱ በስልክ የቀረጸችውን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ልኮላቸው ኖሯል።

አልሳቅሁበትም። እኔም በዚህ ደብዳቤ ተቃጥዬ አውቃለሁ።

ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከገባሁ 23 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ትራም መንዳት ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰፈራችን ክለብ ሹፌር፣ ማሊያ አጣቢና ብርቱካን ቆራጭ ነኝ። ታላቁ ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው ይኸው ደብዳቤ ቤቴ ገባ። ከፈልኩ። ትርፍ ሰዓት ሠራሁ፣ የዕቁብ ተራዬንም ለምኜ አስቀደምኩ። ሞቃት አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ አብሬው ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን የገጠሟቸው ልጆች የአንድ ስመ ጥር ክለብ ማሊያ ለብሰው ገቡ። እኔ ስልኬን አውጥቼ እቀርጻለሁ፤ አገር ቤት ላለው ወንድሜም በቀጥታ እያሳየሁ ነው። ከጨዋታው በኋላ የውኃ ወረፋ ላይ ከነዚያ ማሊያ ለባሾች አንዱ ልጄን «አባትህ ስንት ከፈለ? የእኔ አባት 2,000 ነው የከፈለው» አለው። ልጆቹ የክለቡ አካዳሚ አልነበሩም። ክለቡ ስሙን ሰጥቶ በሌላ አገር በሚያሠራው የክፍያ የኳስ ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው። እንደ እኛው ከፍለው የመጡ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ልጁ ኳስ ሲያማክረኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ብሩ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ ይገባል?

እውነተኛ የክለብ አካዳሚ ልጅ ሲፈልግ በአብዛኛው ከኪሱ የሚያወጣው ራሱ ነው። አውቶቡሱን፣ ሆቴሉን፣ ማሊያውን እሱ ይችላል። ልጃችሁ ያላችሁን አራግፋችሁ የምትከፍሉበት ቦታ ከሄደ፣ ደንበኛ ሆኖ ነው የሄደው። ደንበኛ መሆን ነውር የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ደንበኛ መሆንን እንደ መመረጥ የቆጠርን ቀን ነው።

የእኛን ከተማ ውድድር ውሰዱ። ጎቲያ ካፕ ከ1975 ጀምሮ በየሐምሌው ይካሄዳል። አዘጋጁ ቢኬ ሄከን የሚባለው የከተማችን ክለብ ነው። በደህናው ዓመት 1,700 አካባቢ ቡድኖች ከ70 በላይ አገሮች ይመጣሉ። ያን ሳምንት ትራሜ ውስጥ የማልሰማው ቋንቋ የለም። ልጆቹ የሚያድሩት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ወጥቶ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ። መክፈቻው ትልቁ ኡሌቪ ስታዲየም ነው። አገራቸው ሲጠራ ልጆቹ ሲጮኹ ብታዩ እንባችሁ ይመጣል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምወደውን ውድድር ልንገራችሁ፦ ማንኛውም ክለብ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ ይገባል። አዘጋጁም አይደብቀውም። ታላላቅ ክለቦችም ቡድን ይልካሉ፣ የመንደር ክለብም ይመጣል። «ጎቲያ ካፕ ተጫውቷል» ማለት ደስ የሚል ክረምት አሳልፏል ማለት ነው። ለዚያ ከሆነ ላኩት፤ እኔም ሁለቱንም ልጆቼን ልኬያለሁ።

በገንዘብ የማይገባበት ሌላ ዓይነት አለ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ በ2013 የጀመረው የወጣቶች ሊግ ከ19 ዓመት በታች ነው። የሚገቡት ዋና ቡድናቸው ቻምፒየንስ ሊግ የሚጫወት ክለቦችና በየአገሩ የታዳጊዎች ሻምፒዮን የሆኑ ናቸው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ባርሴሎና ወሰደ፣ በኋላ ሳልዝቡርግና አዜድ አልክማርም አሸንፈዋል። የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ ስዊዘርላንድ፣ ኒዮን ላይ ነው የሚደረጉት። ዙሪክ ላይ ደግሞ ብሉ ስታርስ የሚባል ትንሽ ክለብ ከ1939 ጀምሮ የክለብ ወጣት ቡድኖችን እየጋበዘ ያጫወተበት ውድድር አለ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ ብዙ ጊዜ ያነሣው ዋንጫ ነው። እነዚህ ቦታዎች የሚደርሰው ልጅ መጀመሪያ ክለብ ውስጥ ያለ ነው። ደብዳቤም በቤቱ አድራሻ አይመጣለትም። አሠልጣኙ ነው የሚነግረው።

ዱባይና ዶሃ ላላችሁ ደግሞ ይህ ጉዳይ ይብሳል። እዚያ በትልልቅ ክለቦች ስም የሚጠሩ የኳስ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ግን «ልጄ የእገሌ አካዳሚ ነው» ብላችሁ ለዘመድ ከማውራታችሁ በፊት የወር ክፍያውን ደረሰኝ አንድ ጊዜ እዩት።

ደላላው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውድድሩ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የስም ካርድ ይዞ ይዞራል። «ልጅህን እንግሊዝ አስገባዋለሁ» ይላል። ደንቡን እወቁት። በፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር መዛወር አይችልም። ጥቂት በሮች አሉ። ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ከቀየሩ፣ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ዓመት ከሆነ፣ ድንበር አካባቢ ነዋሪ ከሆነ፣ ወይም ነፍሱን ለማዳን ከተሰደደ። ቀልድ አይደለም። ባርሴሎና በ2014፣ ሁለቱ የማድሪድ ክለቦች በ2016፣ ቼልሲ በ2019 በዚህ ጉዳይ ተጫዋች እንዳያስፈርሙ ታግደዋል። እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ክለቦቿ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከውጭ አያስመጡም። ታዲያ ባርሴሎናን ያስቀጣ ነገር ለነጭ ሸሚዙ ሰውዬ እንዴት ይቀልለታል? ወኪል ነኝ ካለ ከፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ስሙን ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ከወላጅ በጽሑፍ ሳይፈቀድለትም ታዳጊን አይቀርብም።

«ጌዲዮን ዘላለምስ?» ትሉኛላችሁ። ሁሌም ይነሣል። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ ዋሽንግተን አካባቢ አድጎ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲጫወት የአርሰናል መልማይ አየው። በ2013፣ በ16 ዓመቱ ሎንዶን ገባ። እውነት ነው። ግን የአውሮፓ ፓስፖርት ነበረው፣ ያ በርም ዛሬ ለእንግሊዝ ተዘግቷል። ደግሞ መጨረሻውንም እንየው። ለዋናው ቡድን የተጫወተው ጥቂት ጊዜ ነው። በ2017 በ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ኳሱን አልተወም፤ አሜሪካም ሆላንድም ተጫውቷል። ሁላችንም ያኔ በጻፍንለት ልክ ግን አልሆነም። አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ የአንድ አገር ተስፋ መጫን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ አንድ ጣጣ ልግባ፤ የእኛ ሰው ብቻ የሚገባበት ነው። የልደት ቀን።

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ አበባ የተወለደው ታኅሣሥ 19 ቀን 2004 ነው፤ በቁልቢ ገብርኤል ዕለት። ልደት ካርዱን የተረጎመው ሰው ወር ሳያይ ስምንት ደመረ፤ 2012 ብሎ ጻፈ። ፓስፖርቱ ግን ትክክለኛውን፣ ዲሴምበር 29 ቀን 2011 ይላል። ውድድሩ ላይ ሁለቱ ወረቀት አልገናኝ አለ። የምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «አይቻልም» አለች። ልጁ ሦስት ጨዋታ ከአጥር ውጭ ቆሞ አየ። ዕድሜ የደበቅን መስለን ታየን። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት መሆኑን ተርጓሚው ያውቃል ብላችሁ አትተዉት። ራሳችሁ ቁጠሩ።

ጣጣው በዚህም አያበቃም። ስዊድንን ጨምሮ በአብዛኛው አውሮፓ የዕድሜ እርከን የሚቆረጠው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው፤ እንግሊዝ ግን ሴፕቴምበርን ይዛለች። የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ቀን ቢዘገይ ኖሮ የ2012ቶች ታላቅ ይሆን ነበር። አሁን የ2011ዶች ታናሽ ነው። በ13 ዓመት የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ተሰልፈው መዝሙር ሲሰሙ ማየት ይበቃል፤ አንዱ ጢም ጀምሮታል፣ ሌላው ጥርሱን ይቀይራል። ብዙ አሠልጣኝ ትልቁን ይመርጣል። ይህን ለእናቱ ሳስረዳ «ገብርኤል የሰጠኝን ቀን እኔ አላርምም» አለችኝ። ልክ ናት። ልጇ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ግን ሰነፍ ስለሆነ እንዳይመስላት ነው የነገርኳት።

እዚህ ላይ ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን አንሡ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነው፣ እናቱ ቼክ። የተወለደው ዲሴምበር 24 ቀን 1986፤ እሱም ከእኩዮቹ ሁሉ ታናሽ ማለት ነው። ያደገው በትንንሽ የቼክ ክለቦች ነው። ይህላቫ ተጫወተ፣ ስላቪያ ፕራግ ገባ፣ ከሊበሬትስ ጋር በ2012 የአገሪቱን የሊግ ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ለቼክ ተሰለፈ። ከዚያ ቬርደር ብሬመን ዘጠኝ ዓመት። ብሬመን ሲገባ 25 ዓመቱ ነበር። በ13 ዓመቱ ወርቃማ ዓርማ ያለው ደብዳቤ ቢቀርበት ምን ጎደለበት?

መልማይ የውድድር አንድ ግብ አይቶ ልጅ አይወስድም። ስም ይጽፋል፣ ከዚያ ልጁ ሰፈሩ ሲጫወት፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሲሸነፍ መጥቶ ያየዋል። ለዚህ ነው የሰፈር ክለብን አትናቁ የምለው። ምዝገባውም በደንብ ይያዝ። ልጁ አንድ ቀን ሌላ አገር ፈርሞ ሲወጣ፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ክለቦች በፊፋ ደንብ ድርሻ አላቸው። ብርቱካን የሚቆርጡት ሰዎች ድርሻ ማለት ነው።

የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጥቃቅኑን አስቡ። አንድ ወላጅ ብቻ ወይም አሠልጣኝ ይዞት ከሄደ የሁለታችሁም ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ልጁ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ወይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካለው፣ የሸንገን መኖሪያ ፈቃዱ እንግሊዝ አያስገባውም። ቪዛ ቀድሞ ይጠየቅ። የሚጾም ከሆነ ለአሠልጣኙ ንገሩት፤ ፓስታ በሥጋ ነው የሚቀርበው። የእኔዋ ባለቤት አንድ ኪሎ ቆሎ ትልካለች። ብራዚሎቹ ናቸው የሚጨርሱት።

ሌላው የመልስ ጉዞው ነው። በዚያ የባሕር ጠረፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ልጄ 5 ለ 0 ተሸንፎ መኪና ውስጥ ሲገባ ገና ቀበቶውን ሳያስር «ለምን አልሮጥክም?» አልኩት። አየር ማረፊያ እስክንደርስ ቃል አልተናገረም። ቤት ከገባን በኋላ ጫማውን ለወንድሙ ሰጠና ሁለት ወር ልምምድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በኋላ መኪና ውስጥ ስለ ኳስ አልናገርም። ሬዲዮኑን ለእነሱ ለቅቄያለሁ። ጥላሁንን አንድ ቀን እንኳ አስከፍተውኝ አያውቁም።

የፍራንክፈርቱ ወንድሜ ትናንት መልሶ ደወለ። ደብዳቤውን ለላኩት ሰዎች ጽፎ «ልጄን የት ነው ያያችሁት?» ብሎ ጠይቋቸዋል። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣለት፤ ክፍያው በሁለት ቀን እንደተራዘመ ይገልጻል።