ሽማግሌ ከመላክህ በፊት

ከውጭ የሚደወልልኝ ስልክ ጉዳዩ ከሁለት አይዘልም። አንዱ የቦታ ካርታ ነው። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እገሊትስ እንዴት ናት? አገባች?” የሚል ነው። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ሀብት የያዘ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ጎጃም ላይ የወደዳትን ልጅ ጥሎ የሄደ ሰው ነው። እኔ 19 ዓመት ሰው አገር ኖሬ ደብረ ማርቆስ ስለገባሁ የሁሉንም እጮኛ የማውቅ ይመስላቸዋል።

የካርታውን ሌላ ቀን እናወራለን።

አንድ ወዳጄ አለ። ስሙን አልጠራም። በ1992 ዲቪ ደረሰው። ቡሬ ላይ እጮኛ ነበረችው። “ዓመት ሳይሞላ እወስድሻለሁ” ብሏት ሄደ። ከዚያ ሥራ፣ ሁለተኛ ሥራ፣ የራሱ ፓርኪንግ፣ ሌላ ሚስት፣ ፍቺ። ገንዘቡ ሲበዛ እንቅልፉ አነሰ። “ያቺን ልጅ ካላገኘሁ” አለ። ከ20 ዓመት በኋላ!

በኅዳር መጣ። አዲስ አበባ ላይ ቪ ኤይት ከነሾፌሩ ተከራየ። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ማርቆስ ላይ እኔን ጫነኝ። ሻንጣው ውስጥ የአንገት ወርቅ አለ። ቡሬ ስንደርስ ሁለት ሽማግሌዎች ከአጨዳ ላይ አንስተን ሦስት ሆንን። እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ሴትየዋ በርበሬ ነጋዴ ሆናለች። ቡሬ የበርበሬ አገር ነው። ግቢዋ ሙሉ ቀይ ዛላ ተሰጥቷል። ከሦስት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ትቀነጥሳለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇን ለዩኒቨርሲቲ አብቅታለች። “ግቡ፣ አረፍ በሉ” አለችን። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ማስነጠስ ጀመሩ። ቀጥሎ እኔ። ንግግር አዋቂ ናቸው የተባሉት ሰውዬ “የመጣንበት...” ይሉና ያስነጥሳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

“ማን እንደላካችሁ ገብቶኛል። መኪናው ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሰፈሩ ነግሮኛል። ያኔ ቤታችን ስልክ አልነበረም። እደውላለሁ ስላለኝ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሌ በር ላይ እቀመጥ ነበር። ሁለት ዓመት ተቀመጥሁ። ዘበኛው አዝኖልኝ በርጩማ ያወጣልኝ ነበር። ይኸን በወርቅ ልትክሱኝ ነው?”

ቡና ጠጥተን ወጣን። ወርቁም እንደታሸገ ተመለሰ።

እና ወንድሜ፣ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ባለትዳር መሆን አለመሆኗን ቀስ ብለህ አጣራ። ባል ካላት እርግፍ አድርገህ ተወው፤ ወሬህ ብቻ ቤት ያፈርሳል። አንተም እዚያ ሚስት ካለችህ መጀመሪያ የዚያን ቋጭ። አንዱ ትዳር ሳይፈርስ ሌላ ማሰር በቤተሰብ ሕጋችን ክልክል ነው።

ቪ ኤይቱ ይቅርብህ። በሱ ከገባህ የወንድሟ የባጃጅ መግዣ ጥያቄ ከሷ መልስ ቀድሞ ይደርስሃል። ለቤተሰቧም ብር አትላክ። ብርህን የበላ ዘመድ እሷን ነው የሚያስጨንቃት። እሺ ብትልህ እንኳ እሺ ያለችው እሷ ትሁን ወንድሟ በምን ታውቃለህ?

ጊዜም ምረጥ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የኛ ሽማግሌዎች ልባቸው ከማሳው ነበር። ሰርግ ካሰብህ ከጥምቀት በኋላ ጥር አለልህ፤ ዐቢይ ጾም ከገባ የለም። መንገዱም እንደ ዱሮው አይደለምና ከደጀን ወዲያ ከማለፍህ በፊት ያገሩን ሰው ጠይቅ።

የሚከብደው ይቅርታው ነው። ይቅርታ በሽማግሌ አይላክም ባይ ነኝ (ትልቁ ሽማግሌ በዚህ ተቆጥተውኛል)። አንተ የምትናፍቃት ያቺን የ20 ዓመት ልጅ ነው። አሁን ያለችው ባል የቀበረች፣ ልጅ ያሳደገች፣ ሚዛንና ሒሳብ የምታውቅ ሴት ናት። ለሷ እንግዳ ነህ፤ እንደ እንግዳ ግባ። አይሆንም ካለች ደግሞ አይሆንም ነው፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አታስቸግር።

ወዳጄ በዓመቱ ብቻውን መጣ፣ በአውቶቡስ። ምን እንዳላት አልነገረኝም። አብሯት በርበሬ ሲቀነጥስ እንደዋለ ግን ዓይኑ ያስታውቅ ነበር፤ ረስቶ አሽቶታል። ሲወጣ 10 ኪሎ ዛላ ገዛ። ሳንቲም አልቀነሰችለትም። አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውላል። አንዳንዴ ታነሳለች።