እምቢ ያለ ቪዲዮ፦ የሚቀየረውና የማይነካው

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ማጫወቻ ላይ በደንብ እየታየ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ የሚያስቸግር ቪዲዮን የሚመለከቱ ናቸው። ከሁሉ በፊት ሚዲያኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ፋይሉን ጎትተው ሲጥሉበት መያዣው (ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዘው የፋይል ዓይነት) ምን እንደሆነ፣ ምስሉና ድምፁ በየትኛው ኮዴክ (የመጭመቂያ ዘዴ) እንደተጨመቁ፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዳለው ይዘረዝርልዎታል። ይህን ሳያይ መቀየር የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀይረው የማያስፈልገውን ነው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬን ስክሪን በኦቢኤስ ቀርጬ ያገኘሁት ኤምኬቪ ፋይል ፕሪሚየር ፕሮ ውስጥ አይገባም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ4 ብቀይረውም ለውጥ የለም።

ስሙን መለወጥ ውስጡን አይለውጠውም። ኤምኬቪም ሆነ ኤምፒ4 መያዣዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ምስል ብዙውን ጊዜ ኤች.264 በተባለው በዚያው ኮዴክ የተጨመቀ ነው። ፕሪሚየር ያልተቀበለው መያዣውን ስለሆነ ቪዲዮውን እንደገና መጭመቅ አያስፈልግም፤ ከአንዱ መያዣ ወደ ሌላው ማዛወር፣ ማለትም ሪመክስ ማድረግ ይበቃል። ዕቃው ያው ነው፣ የተለወጠው ሻንጣው ነው። ጥራት አይቀንስም፤ የሚፈጀውም ፋይል ኮፒ የማድረግን ያህል ጊዜ ነው።

ኦቢኤስ ውስጥ «ፋይል» የሚለውን ከፍተው «ሪመክስ ሪኮርዲንግስ» ይምረጡ፣ ፋይሉን ያስገቡና «ሪመክስ» የሚለውን ይጫኑ። ሁልጊዜ በራሱ እንዲያደርገው ከፈለጉ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ላይ ቀረጻውን በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 የሚያዛውር ምርጫ አለ። ፋይሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ሻተር ኢንኮደር የተባለው ነፃ ፕሮግራም «ሪራፕ» በሚለው ተግባሩ ያንኑ ይሠራል። ካዛወሩ በኋላ ምስሉ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ፣ ድምፁ እንደ ኦፐስ ባለ ሶፍትዌሩ በማያውቀው ኮዴክ ተጨምቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ ወይም ወደ ፒሲኤም ይቀይሩ።

ከመጀመሪያው በኤምፒ4 ለምን አልቀርጽም ለሚል፦ ተራ ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ቢደርቅ ማውጫ የሌለው፣ የማይከፈት ፋይል ታቅፈው ይቀራሉ። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ የተቀረጸውን ያተርፋል።

ጥያቄ፦ በስልክ የቀረጽኩት ቃለ መጠይቅ መጀመሪያ ላይ ድምፁና አፉ ይገጥማሉ። አሥር ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ ግን ድምፁ ከምስሉ ይለያያል። ድምፁን ቆርጬ ባስጠጋውም ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሸሻል።

ቆርጦ ማስጠጋት እዚህ አያዋጣም፤ ስህተቱ በአንድ ቦታ ያለ ሳይሆን እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። ሚዲያኢንፎ ላይ «ፍሬም ሬት ሞድ» የሚለውን መስመር ይዩ። «ቫሪያብል» ካለ ነገሩ ተገኘ። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም እቀርጻለሁ ቢልም እንደ ብርሃኑና እንደ ጭነቱ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንዳንድ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ደግሞ ሁሉም ፍሬም እኩል ርቀት ላይ እንዳለ አድርጎ ይቆጥራል። ድምፁ በትክክለኛው ሰዓት ሲሄድ ምስሉ ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

መፍትሔው ታይምላይን (ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ከማስገባት በፊት ቋሚ ፍሬም ሬት መስጠት ነው። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ መቀየሪያ ፋይሉን ይክፈቱ፣ «ቪዲዮ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ፣ ፍሬም ሬቱን «ሴም አዝ ሶርስ» ላይ አይተዉት፤ የፕሮጀክትዎን ቁጥር (25፣ 29.97 ወይም 30) ይምረጡና ከሥሩ «ኮንስታንት» የሚለውን ይያዙ። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። «ፋስት 1080ፒ30» በሚባለው ዝግጁ ምርጫ የሚሠሩ ከሆነ 30 ጣሪያ ብቻ እንጂ ቋሚ ቁጥር ስላልሆነ ችግሩ ሳይፈታ ሊመለስ ይችላል። የጥራት መለኪያው አርኤፍ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ለኤዲቲንግ ከ16 እስከ 18 ጥሩ ነው። ሁሉንም በእጅ መሙላት ካልፈለጉ «ፕሮዳክሽን» በሚለው ክፍል ያሉት ዝግጁ ምርጫዎች ለዚሁ ሥራ የተሰናዱ ናቸው።

ረጅም ቀረጻ ከሆነ ሲጨርሱ የመጨረሻውን ደቂቃ ይመልከቱ። መጀመሪያው ሁልጊዜም ይገጥማል፤ እሱን አይቶ መርካት ያታልላል።

ጥያቄ፦ ከአይፎን ያመጣሁት ቪዲዮ ዊንዶውስ ላይ ድምፅ ብቻ ያሰማል። አንዳንዱ ደግሞ ይከፈትና ቀለሙ የነጣ ይመስላል።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ድምፅ ብቻ የሚያሰማው ኤች.265 ነው፤ ኤችኢቪሲም ይባላል። አይፎን ከ2017 ጀምሮ በዚህ ኮዴክ ይቀርጻል። ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኤችኢቪሲ ተጨማሪ ከማይክሮሶፍት ስቶር እስኪጫንለት ምስሉን አይፈታም። ለወደፊቱ ቀረጻ ስልኩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢመርጡ በኤች.264 ይቀርጽልዎታል። ዋጋ አለው፦ 1080ፒ በ30 ፍሬም አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ የነበረው ወደ 130 ያድጋል።

የነጣው ኤችዲአር (ሰፋ ያለ ብርሃንና ቀለም የሚይዝ ቀረጻ) ነው። የቀለሙ ስፋት ለተራ ስክሪን አይመጥንም፤ መቀየሪያው ብርሃኑን ሳያጣጥም ወደ ተራ ቀለም ከጣለው ግራጫ ያወጣዋል። ሶፍትዌርዎ የቀለም ማኔጅመንት ካለው ዋናውን ፋይል ሳይቀይሩ እዚያው ማስተካከል ይሻላል። ኤችዲአር ለሥራዎ የማይጠቅም ከሆነ ከነጭራሹ የካሜራው «ሪኮርድ ቪዲዮ» ክፍል ውስጥ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፎርኬ ቪዲዮዬ ይከፈታል፤ ሲጫወት ግን ይንቀጠቀጣል። ፕሮሬስ ወደተባለው የኤዲቲንግ ኮዴክ ብቀይረው ጥራቱም ይጨምራል ይባላል።

አይጨምርም። የተጨመቀ ቪዲዮ ያጣውን ዝርዝር የትኛውም መቀየሪያ አይመልስለትም። ፕሮሬስ የሚሰጠው ቅልጥፍና ነው። ኤች.264 ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በመሃል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤታቸው የተለዩበትን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ታይምላይን ላይ አንድ ቦታ ሲነኩ ኮምፒውተሩ ያንን ፍሬም ለማሳየት ሌሎችንም መፍታት አለበት። ፕሮሬስና አቻው ኮዴክ ዲኤንኤክስኤችአር እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይይዛሉ፤ ቅለታቸው ከዚህ ይመጣል፣ ክብደታቸውም ከዚህ። ፕሮሬስ 422 በ1080ፒ 29.97 በሰከንድ 147 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት 66 ጊጋባይት ያህል ይበላል። ፎርኬ ከሆነማ ዲስክዎ ይጮሃል።

ስለዚህ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ ይሥሩ። ፕሪሚየር ላይ ክሊፑን በቀኝ ተጭነው «ፕሮክሲ»፣ ከዚያ «ክሪኤት ፕሮክሲስ»፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ «ጄኔሬት ፕሮክሲ ሚዲያ»። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በ1080ፒ በሰከንድ 45 ሜጋቢት አካባቢ ስለሆነ ሰዓቱ ወደ 20 ጊጋባይት ይወርዳል። የሚቆርጡት ቀለል ባለው ቅጂ ላይ ነው፤ ኤክስፖርት ሲያደርጉ ሶፍትዌሩ ዋናውን ይጠቀማል። ታዲያ ዋናውን ፋይል ከቦታው አያንቀሳቅሱ።

ጥያቄ፦ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሊኑክስ ላይ ኤምፒ4 አልከፍት አለኝ።

ነፃው የሊኑክስ ቅጂ ኤች.264ን አይፈታም፤ ኤኤሲ ድምፅም ሊኑክስ ላይ ለረጅም ጊዜ ችግር ሆኖ ቆይቷል። በሻተር ኢንኮደር ወደ ዲኤንኤክስኤችአር በኤምኦቪ መያዣ ይቀይሩ፣ ድምፁን ፒሲኤም ያድርጉ። ምንጩ 8 ቢት (የቀለሙ ዝርዝር መጠን) ከሆነ «ኤችኪው» የሚለው የዲኤንኤክስኤችአር ደረጃ ይበቃል። 10 ቢት ከሆነ «ኤችኪውኤክስ» ይምረጡ፤ አለዚያ ሰማይና ጭስ ላይ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የካሜራዬ ኤምቲኤስ ፋይሎች ሲቀጣጠሉ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይቋረጣል።

ካሜራው ረጅሙን ቀረጻ ካርዱ ላይ ቆራርጦ ነው ያስቀመጠው፤ ኤፍኤቲ32 የተባለው የካርድ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም። እርስዎ ኤምቲኤሶቹን ብቻ ለቅመው ስለወሰዱ ሶፍትዌሩ አንድ ቀረጻ መሆናቸውን አያውቅም። የካርዱን ፎልደር በሙሉ፣ የማያውቁትን ትናንሽ ፋይል ሳይቀር ኮፒ ያድርጉና በሶፍትዌሩ ሚዲያ ብራውዘር በኩል ያስገቡት፤ አንድ ክሊፕ ሆኖ ይታያል። መቀየር ጨርሶ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ነፃ መቀየሪያ ገጾችስ?

ለአጭር፣ ምሥጢር ለሌለው ክሊፕ ካልሆነ ይተዉት። ብዙዎቹ የፋይል መጠን ይገድባሉ፣ በስንት ቢትሬት (በሰከንድ በሚይዘው የዳታ መጠን) እንደሚጨምቁ አይናገሩም፣ ሪመክስ ብቻ የሚበቃውንም እንደገና ይጨምቁታል። የደንበኛ ቀረጻ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃዱ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ መጫን የለበትም።