«ሃይ ኤንድ ድራይ» ማለት ሜዳ ላይ መቅረት ነው

እህቴ፣ «ሺ ሌፍት ሚ ሃይ ኤንድ ድራይ» የሚለውን እንግሊዝኛ ስልኬ «ከፍና ደረቅ አድርጋ ተወችኝ» ብሎ ተረጎመልኝ፣ ምን ማለት ነው ብለሻል። ስልክሽን እርሺው። በእኛ አፍ «ሜዳ ላይ ጥላኝ ሄደች» ነው።

ነገሩ የመጣው ከመርከብ ነው። የባሕር ውኃ በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል። ሲሸሽ ዳር የነበረች መርከብ አሸዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ሥሯ ደረቅ ነው፤ ውኃው እስኪመለስ ንቅንቅ የለም። የኛ የኮምቦልቻ ወደብ እንደሆነ ደረቅ ወደብ ነው፣ መርከብ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ በራሴ በደረሰው ላስረዳሽ።

ከጓደኛዬ ጋር የሠርግ ዕቃ እናከራይ ነበር። ወንበር የእኔ፣ ድንኳን የእሱ። ደሴ ላይ ሠርግ ያዝን፤ ቀብዱን የተቀበለው እሱ ነው። በዋዜማው ወንበሬን አይሱዙ ላይ ጭኜ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። «ከኋላህ ነኝ» አለኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት። ስደውል ዝግ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። የሙሽራዋ አባት ወንበሩን ዞር ዞር ብለው እያዩ «ድንኳኑስ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ኋላ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ «አብሽር ልጄ» ብለው የቅሬውን፣ ማለት የዕድሩን፣ ድንኳን አስመጡልኝ። ጓደኛዬ በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ባትሪ ዘግቶብኝ» አለኝ።

«ሂ ሌፍት ሚ ሃይ ኤንድ ድራይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ዝም ብሎ መለያየት አይደለም። ተማምነሽበት፣ ልክ በጭንቅሽ ሰዓት ሲጠፋ ነው። ፍቅረኛሽ ቢለይሽ «ሂ ሌፍት ሚ» ይበቃል። ኪራዩን አብረን እንከፍላለን ብሎ ቤት አስይዞሽ ከጠፋ ግን፣ ያኔ «ሃይ ኤንድ ድራይ» ጨምሪበት። ማን እንደተወሽ መናገር ካልፈለግሽ «አይ ዎዝ ሌፍት ሃይ ኤንድ ድራይ» ትያለሽ።

«ሌፍት ሚ ኢን ዘ ለርች» ቢሉሽም ያው ነው። «ስቱድ ሚ አፕ» ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቀጥሮ መቅረት ብቻ ነው። «ስሩው ሚ አንደር ዘ በስ» ደግሞ ይብሳል፤ ራሱን ለማዳን አንቺን አሳልፎ ሲሰጥሽ ነው። ጓደኛዬ ለሙሽራዋ አባት «ድንኳኑም የሱ ኃላፊነት ነበር» ቢላቸው እንደማለት።

ለካ ብሏቸዋል። ከሳምንት በኋላ ነው የሰማሁት።