«ተረከዜን» ሲል እውነቱን ነው

እህቴ፣ የ10 ዓመት ልጅሽ ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ተረከዙን እያመመው እንደሚያነክስ፣ በነጋታው ግን ምንም እንዳልነበረ ሲሮጥ እንደምታዪው ጽፈሻል። «እያስመሰለ ነው ወይስ ከባድ ነገር ይዞት ነው?» ብለሻል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እያስመሰለ አይደለም። የእኔም ልጅ በ11 ዓመቱ ልክ እንደዚህ አድርጎት ነበር። ሜዳ ሲገባ ደህና ነው። ሲወጣ ተረከዙን መሬት ማስነካት አቅቶት በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል። በነጋታው ሲዘል አይቼ «ታዲያ የትናንቱ ህመም የት ሄደ?» አልኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያመመው አልነገረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ምርመራው አጭር ነበር። ሐኪሟ ተረከዙን ከኋላ በኩል፣ ከግራና ከቀኝ ያዝ አድርጋ ጫን አለችው። ልጄ እግሩን መንጭቆ ሰበሰበ። ቀጥላ ጉልበቱን ዘርግቶ እንዲቀመጥ አድርጋ የእግሩን ጣቶች ወደ እሱ ገፋች። ብዙም አልሄደላትም፤ ባቱ እንደ ገመድ ተወጥሯል። ራጅ አላዘዘችም። በዚህ ዕድሜ ያ የአጥንት ክፍል በጤነኛ ልጅም ላይ የተሰባበረ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ራጅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው አለችኝ።

ችግሩ ሲቨርስ ይባላል። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ስለ እሱ ከጻፈው አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ነው። «የሲቨር በሽታ» ሲሉሽ አትደንግጪ፣ የእድገት ጣጣ ነው። በተረከዝ ጀርባ አጥንቱ የሚያድግበት ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ። የባት ጡንቻ በአኪሊስ ጅማት (ከተረከዝ በላይ ባለው ወፍራም ጅማት) አማካይነት የሚያያዘውም እዚያው ላይ ነው። ልጅ ድንገት ሲመዘዝ አጥንቱ ይቀድማል፣ ጡንቻው ወደ ኋላ ይቀርና ይወጠራል። ሩጫና ዝላይ ሲጨመርበት ያንን ለስላሳ ቦታ ከላይ ጅማቱ ይጎትተዋል፣ ከታች መሬቱ ይመታዋል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል፤ ሴቶች ልጆች ላይ ቀደም ይላል። በ15 ዓመት ገደማ ያ ክፍል ጠንክሮ ከቀሪው አጥንት ጋር ሲገጥም ጣጣው አብሮት ያበቃል።

ኳሱን ጨርሶ አትከልክዪው፣ እኔ ሞክሬው ልጁን አስከፋሁት እንጂ አልጠቀመኝም። በኋላ አንድ ነገር ተስማማን። ማነከስ ከጀመረ የዚያ ቀን ጨዋታ እዚያው ያበቃል። በነጋታው ጠዋት ሲራመድም ካመመው ያን ቀን ያርፋል። ልምምዱን በሳምንት ከአራት ቀን ወደ ሁለት አወረድነው፣ በቀሪው ብስክሌት ይነዳል። በማስታገሻ አፍኖ ማጫወትን ግን እኔ አልደግፍም፤ ልጁ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ያው ህመሙ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት ከጫማው ነው። ታኬታው ተረከዙ ጋ ስስና ደረቅ ነበር። በሁለቱም ጫማ ውስጥ ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ለስላሳ ነገር አስገባን። በአንዱ ብቻ እንዳታደርጊ፣ አረማመዱን ያዛባዋል። ቤት ውስጥም በደረቅ ወለል ላይ በባዶ እግሩ መሮጥ አቆመ። ከጨዋታ በኋላ በረዶ በፎጣ ጠቅልለን 15 ደቂቃ እንይዝለታለን። ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ባቱን ያሳስባል፣ አንዱን እግር 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ተረከዙ በጣም ሲያመው ግን ማሳሳቡን እንተወዋለን።

በሁለት ወር ገደማ ተሻለው። ቁመቱ እንደገና ሲጨምር ተመልሶ መጣ፣ ያኔ ግን የምናደርገውን ስለምናውቅ ቶሎ አለፈ።

ህመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው፣ ቦታው ካበጠ ወይም ከቀላ፣ ትኩሳት ካለው፣ ከወደቀ በኋላ ድንገት ከጀመረው ወይም ጭራሽ መርገጥ ካቃተው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ዛሬ ማታ ሁለቱንም ተረከዞቹን ከጎንና ከጎን ቀስ አድርገሽ ጫን ብለሽ እዪ፤ የነገረሽ ስለ አንዱ ብቻ ቢሆንም ሌላውም ሊያመው ይችላል። ሐኪም ካየው በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።